ከፍሳሽ ቱቦ የሚሠራ የዋሽንት ማኅደር

በረዶ በሚጥልበት አገር የሸምበቆ ዋሽንትን የሚጨርሰው መውደቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዋናው ጠላቱ የቤት ማሞቂያ ነው። ደጁ ከዜሮ በታች ወርዶ ቤቱ ሲሞቅ የክፍሉ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ሊደርስ ይችላል። ሸምበቆው በዚህ አየር ከውጭ በኩል ይደርቅና ይኮማተራል፤ ሲነፋ ደግሞ ውስጡ በትንፋሽ ርሶ ያብጣል። ሁለቱ ሲጓተቱ ከጫፉ ወይም ከጣት ቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቢቀጥንም አየር ያሾልካል፤ መጀመሪያ የሚጠፋውም ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኖ የሚወጣው ወፍራሙ ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው መጠበቅ ነው፤ እሱም በሻንጣው ከበርበሬና ከሽሮ መሃል ወትፎት ተጨፍልቆ ካልደረሰ።

ስለዚህ ማኅደሩ ሁለት ሥራ አለበት፦ ከመጨፍለቅ መጠበቅና የአየሩን ለውጥ ማዘግየት። የመጀመሪያውን ጠንካራ ቱቦ ይሠራዋል፤ ሁለተኛውን ቱቦው ውስጥ የሚገባ የጨርቅ ጥቅል። ሱቅ የሚሸጠው የፈረንጅ ፍሉት ሳጥን አያገለግልም፤ ያ ሦስት ቦታ ተፈታትቶ የሚገባ ነው፣ ዋሽንት ግን ወጥ ነው። የፖስተር ካርቶን ቱቦም አንድ ሰው ከተቀመጠበት አበቃለት።

ዋሽንት እንደ ክራር ጠምዝዘው የሚቃኙት አይደለም፤ አራቱ ቀዳዳዎች አንዴ ከተበሱ ተበሱ። ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ዝቅ ባደረገ፣ ከትዝታ ቅኝት ወደ አንቺሆዬ ቅኝት በተሻገረ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ሌላ ዋሽንት ማንሳት ይመጣል። ስለዚህ ከአራት ያነሰ የሚይዝ ማኅደር መሥራት ድካሙ አያዋጣም።

የቱቦውን ርዝመት ለማግኘት ረጅሙን ዋሽንት ለኩና 6 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ፤ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ቱቦው 66 ይሆናል። ትርፉ በሁለቱ ጫፍ ለሚቀመጠው 2.5፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅና ለትንሽ ክፍተት ነው። አሜሪካ ያላችሁ የግንባታ ዕቃ መሸጫው ውስጥ ባለ 3 ኢንች የፒቪሲ ቱቦ በሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። ወፍራሙ፣ «ስኬጁል 40» የሚባለው፣ በሜትር 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ተሸክሞ ለመዞር ቅጣት ነው። የሚያስፈልገው ቀጭኑ ከመሬት በታች የሚቀበረው የፍሳሽ ቱቦ ነው። ክብደቱ የዚያን ሲሶ ያህል ሲሆን ውስጡ በግምት 79 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክዳኑ ላይ ነው። ሁለቱም «3 ኢንች» ይባሉ እንጂ የወፍራሙ የውጭ ስፋት 3.5 ኢንች፣ የቀጭኑ 3.25 ነው፤ የአንዱ ክዳን ለሌላው አይሆንም። እዚያው ሱቅ ውስጥ ገጥማችሁ ሳታዩ አትክፈሉ። ጀርመንና አካባቢው ደግሞ ግራጫው ባለ 75 ሚሊ ሜትር የቤት ውስጥ ፍሳሽ ቱቦ አለ። ውስጡ 71 ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ ጠበብ ይላል፣ ግን አራት ቀጫጭን ዋሽንት ይችላል።

ቱቦውን ቀጥ አድርጎ ለመቁረጥ ወረቀት ዙሪያውን ጠቅልሉና የወረቀቱ ጠርዝ ከራሱ ጋር ሲገጥም በጠርዙ አስምሩ። በብረት መጋዝ ቀስ እያላችሁ፣ ቱቦውን እያዞራችሁ ቁረጡ፤ ከአንድ ወገን ብቻ ከተቆረጠ ይንጋደድና ክዳኑ አይቀመጥም። ጠርዙን ከውስጥም ከውጭም በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ብናኙ ለሳንባ አይበጅምና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

የታችኛው ክዳን በፒቪሲ ማጣበቂያ ይጣበቃል (የጀርመኑ ግራጫ ቱቦ ፒቪሲ ስላልሆነ ይህ ማጣበቂያ አይዘውም፤ በዚያኛው የራሱን መድፈኛ መጠቀም ነው)። የላይኛው ሳይጣበቅ ይቀራል። የማጣበቂያው ሽታ እስኪለቅ አንድ ሳምንት አፉን ክፍት አድርጋችሁ ተዉት። ሸምበቆ ሽታ ይይዛል፤ ያንን ደግሞ ከንፈራችሁ ላይ ልታደርጉት ነው። ከዚያ በሁለቱም ክዳን ላይ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ሦስት ቀዳዳ ብሱ። ቀዳዳ ከሌለ ክዳኑን ስትገፉት የታመቀው አየር መልሶ ይገፋዋል፣ ስትከፍቱትም እየሳበ ያስቸግራል። ከዚህ በላይ ግን ተነፍቶ ወዲያው የተከተተ ዋሽንት በታፈነ ቱቦ ውስጥ ሻጋታ ያወጣል።

የቱቦውን ግድግዳ በስፖንጅ ማልበስ ብዙዎች የሚያደርጉት ነው፤ እኔ አልመክርም። ቦታውን ይበላል፣ ጥቅሉን ይይዘዋል፣ እርጥበትም ያቁራል። ስፖንጅ ለሁለቱ ጫፍ ብቻ ይበቃል። እሱም የሶፋው ዓይነት ሳይሆን ውኃ የማይመጠው የካምፒንግ ምንጣፍ ይሁን፤ የሶፋው ከዓመታት በኋላ ተፈርፍሮ ዋሽንቱ ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ጥቅሉ። ልብሱ ለስላሳ የጥጥ ፍላኔል ይሁን። አሮጌ ጋቢ ያጓጓል፣ ነገር ግን ክሩ እየተነቀለ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይሰካል። የኪሱ ስፋት የዋሽንቱ ዙሪያ ግማሽ ሲደመር 1 ሳንቲ ሜትር ነው። 22 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዋሽንት ዙሪያው 69 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ኪሱ 45 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። አራት ኪስ 18 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል፤ ለዳርና ዳሩ 2፣ 2 ሳንቲ ሜትር ስትጨምሩ የጨርቁ ወርድ 22 ይሆናል። ቁመቱ የረጅሙ ዋሽንት እጥፍ ሲደመር 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እጥፉ ኪሱን ይሠራል፣ ትርፉ ከላይ ታጥፎ አፉን ይሸፍናል። ጨርቁን ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት፤ ጥጥ ከታጠበ በኋላ ሲሰበሰብ ኪሱ ይጠባል።

አጫጭሮቹ ዋሽንቶች በረጅም ኪስ ውስጥ ሰምጠው ይቀራሉ፤ መድረክ ላይ ደግሞ በጣት ማውጣት አይመችም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ አጭር ዋሽንት ኪሱን ከታች ከፍ አድርጋችሁ አግድም ስፉት። የሁሉም አፍ እኩል ቁመት ላይ ይውላል፣ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎም እርስ በርስ አይላተሙም። ከአጭር ወደ ረጅም ደርድሩ፤ በእያንዳንዱ ኪስ አፍ ላይ ቅኝቱን በክር ምልክት አድርጉ። ማሰሪያው ጥብጣብ ይሁን። ቬልክሮ ክር ይለቅማል፤ ደግሞ አዳራሹ ጸጥ ባለበት ሰዓት ትርርር ሲል አስቡት።

ማንገቻው 25 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው የናይሎን ጠፍር ይሁን፤ ሁለቱም ጫፉ ከቱቦው አካል ላይ ይታሰር እንጂ ክዳኑ ላይ በፍጹም አይታሰር። ክብደቱ ክዳኑን ቀስ በቀስ ይስበውና አንድ ቀን መንገድ ላይ ይፈታል። ክዳኑ እንዳይጠፋ በአጭር ገመድ ከቱቦው ጋር ይያያዝ።

ዋሽንቱን ከነፋችሁ በኋላ ቀጭን እንጨት ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ ውስጡን ጥረጉ፣ 20 ደቂቃ ያህል አናፍሱት፣ ከዚያ ክተቱት። በበረዶው ወራት የክዳኖቹን ቀዳዳ ከፊሉን በፕላስተር ሸፍኑና የውስጡን እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ለማቆየት ሞክሩ። ለእንጨት መሣሪያ የተሠራውን ባለ 49 በመቶ የቦቬዳ ከረጢት (የአየሩን እርጥበት የሚያመጣጥን ትንሽ ከረጢት ነው) በጨርቅ ጠቅልሎ ጫፉ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። የብርቱካን ልጣጭ ማስገባት የቆየ የነፊዎች ዘዴ ነው፤ ይሠራል፣ ግን ከተረሳ ሻጋታ ይጋብዛል። ከብርድ ወደ ሙቅ ክፍል ስትገቡ ማኅደሩን ወዲያው አትክፈቱ። ግማሽ ሰዓት ተዘግቶ ቀስ እያለ ይሙቅ፤ በቀዘቀዘ ሸምበቆ ላይ ሙቅ ትንፋሽ ስንጥቅ ነው። የባሕረ ሰላጤው ነዋሪዎች ይህንኑ በኤሲና በደጅ ሙቀት መሃል ያደርጉታል። የአሉሚኒየምና የፕላስቲክ ዋሽንት ይህ ሁሉ አያሻውም።

አንድ የማይታሰብ ነገር አለ፦ ሁለቱም ጫፉ የተደፈነ ነጭ የፒቪሲ ቱቦ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ለፖሊስ ሌላ ነገር ይመስላል። ቱቦውን በጨርቅ አልብሱት፣ «የሙዚቃ መሣሪያ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉበት፣ ፍተሻው ጋ ስትደርሱ ራሳችሁ ክፈቱት። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ መሠረት የአገሪቱ አየር መንገዶች ትንንሽ የሙዚቃ መሣሪያን በእጅ ሻንጣነት መቀበል አለባቸው፤ ሆኖም ስትሳፈሩ ቦታ ካለ ነው፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ተሰለፉ። ከኢትዮጵያ ስትመለሱ ሸምበቆው የእፅዋት ውጤት ስለሆነ ለጉምሩክ አስመዝግቡት። የደረቀና ተሠርቶ ያለቀ ዋሽንት ብዙም አያስቸግርም፤ «እዚያ ሄጄ እበሳዋለሁ» ተብሎ የተያዘ እርጥብ ሸምበቆ ግን ሊወረስ ይችላል።

በበጋ መኪና ውስጥ አትተዉት። ፒቪሲ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ዳሽቦርዱ ያን ያህል ይግላል። ጥቁር ቀለም ከቀባችሁት ይብሳል።