ቢልባዎን ከወንዙ አፍ ጀምሩ

ቢልባዎ የደረሰ እንግዳ ሻንጣውን ሆቴል ጥሎ በቀጥታ ወደ ጉገንሃይም የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው የሚሮጠው። የእኔ ምክር ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ወደ ባሕሩ ውረዱ። ይህች በሰሜን ስፔን፣ በባስክ ምድር ያለች ከተማ የከበረችው በብረት ማዕድን፣ በብረት ማቅለጫና በመርከብ ሥራ ነው። ያንን ሳያዩ ሙዚየሙን ማየት ታሪክን ከመጨረሻው ገጽ እንደመጀመር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ።)

ከመሀል ከተማው ሞዩዋ ጣቢያ ሜትሮ ይዛችሁ ፖርቱጋሌቴ ትወርዳላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 1ኛውና 2ኛው መስመር እስከ ሳን ኢግናሲዮ በአንድ ሐዲድ ነው የሚሄዱት፤ ከዚያ 1ኛው ወደ ወንዙ ቀኝ ዳርቻ፣ 2ኛው ወደ ግራው ይለያያሉ። ፖርቱጋሌቴ በግራው ነው፤ ስለዚህ ባቡሩ ግንባር ላይ "ፕሌንትሲያ" የሚል ካያችሁ አትግቡ። ቲኬቱንም አትጣሉት፣ ሲወጡም በሩ ይጠይቃል። "ባሪክ" የሚባለውን የሚሞላ ካርድ ብትገዙ ይሻላል፤ አንዱ ካርድ ለብዙ ሰው ይሠራል፣ ግን በሰው ልክ ሲገባም ሲወጣም መንካት አለበት።

ፖርቱጋሌቴ ቁልቁለት ናት። ወደ ወንዙ ስትወርዱ ከ1893 ጀምሮ የቆመው የቪስካያ ድልድይ ይገጥማችኋል፤ በዓይነቱ የዓለም የመጀመሪያው ሲሆን ዩኔስኮ በ2006 መዝግቦታል። መኪና የሚነዳበት ድልድይ አይደለም። 45 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የብረት አግዳሚ አለ፤ ከሱ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ አንድ ክፍል መኪናና ሰው ጭኖ ከዳር ዳር ይመላለሳል። እንዲህ የተሠራው ሸራ የዘረጋ መርከብ ከሥሩ እንዲያልፍ፣ ሆኖም ረጅም መወጣጫ መንገድ እንዳይፈልግ ነው። ማቋረጡ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ ሌሊቱን ሙሉም ይሠራል። በሊፍት ወጥቶ ከላይ በእግር መሻገር የተለየ ክፍያ አለው፤ ነፋስ ከሌለ ገንዘቡ ይገባዋል እላለሁ። ያቺ አጭር ጉዞ ከሠራተኛው ሰፈር ወደ ፋብሪካ ባለቤቶቹ ቪላዎች ታሻግራለች። ከፖርቱጋሌቴ ትንሽ ወደ ላይ ባለችው ሴስታዎ አንድ የብረት ማቅለጫ እቶን ለቅርስ ተትቶ ቆሟል፤ የተረፈው በ1902 ተመሥርቶ በ1996 ከተዘጋው የብረት ኩባንያ፣ ከአልቶስ ኦርኖስ ዴ ቪስካያ ነው።

ከማዶ፣ ከአሬታ ጣቢያ፣ በ1ኛው መስመር ተመልሳችሁ ሳን ማሜስ ውረዱ። ካሮላ የምትባለው ቀይ ክሬን የቆመችው በ1988 በተዘጋው የኤውስካልዱና መርከብ መሥሪያ ግቢ ላይ ነው። አጠገቧ የባሕር ሙዚየም፣ ቀጥሎ በ1999 የተከፈተው የኤውስካልዱና አዳራሽ አለ፤ ዝገት የለበሰ ብረቱ በግንባታ ላይ ያለ መርከብ እንዲመስል ተደርጓል።

የወንዙን ዳር ይዛችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከተራመዳችሁ ጉገንሃይም ናችሁ። አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ የነደፈው ሕንፃ የተከፈተው በ1997 ነው። ሕንፃውን የሸፈነው የቲታኒየም ብረት ቆርቆሮ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ትራስ መስሎ አበጥ ብሏል። ደመና ሲሆን ግራጫ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወርቅማ ነው። ስለዚህ ካፊያ ጣለ ብላችሁ አትዘኑ፤ እዚያ "ሲሪሚሪ" ይሉታል፣ ጃንጥላ የማያስዘረጋ ግን ልብስ የሚያበሰብስ ነው። ከበሩ ፊት ያለው 12 ሜትር ገደማ የሚሆነው በአበባ የተሸፈነ የውሻ ሐውልት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦትና በጥቅምት አካባቢ፣ አበባው ስለሚቀየር በመወጣጫ ብረት ተሸፍኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሰኞ ከመሄዳችሁ በፊትም ክፍት መሆኑን አጣሩ።

ውስጥ ገብታችሁ ጊዜ ከሌላችሁ ሌላውን ትታችሁ የቀራፂውን የሪቻርድ ሴራን ስምንት የብረት ሥራዎች ብቻ እዩ። ከሰው ቁመት እጥፍ በሚበልጡት፣ አንዴ ወደ እናንተ፣ አንዴ ወደ ውጭ በሚያዘነብሉት ግድግዳዎች መሀል ሲራመዱ ሚዛን ይጠፋል፤ የሚያዞረው ሰው በዝግታ ይሂድ። ከዚያ ፎቅ ወጥታችሁ ከላይ ተመልከቷቸው፤ መንገዱ ያኔ ይገለጥላችኋል። ጠዋት የሄዳችሁበት የግራ ዳርቻ ብረት እዚህ ሥነ ጥበብ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ወደ አሮጌው ከተማ ስትቀጥሉ አርክቴክቱ ካላትራቫ የሠራው ነጭ የእግረኛ ድልድይ ዙቢዙሪ አለ። ወለሉ መስታወት ነበር፤ ዝናብ በማያጣት ከተማ ሰው እየተንሸራተተ ስላስቸገረ ማዘጋጃ ቤቱ ምንጣፍ አነጠፈበት። በኋላ መተላለፊያ ሲቀጠልበት አርክቴክቱ ሥራዬን አበላሻችሁ ብሎ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤትም 30,000 ዩሮ ፈረደለት።

አሮጌው ከተማ፣ ካስኮ ቪዬሆ ስትደርሱ ሆድም ጠይቋል። ባንኮኒው ላይ በስቴኪኒ የተሰካካ ፒንቾ የሚባል ትንንሽ መክሰስ ተደርድሯል፤ አንድ ቤት ሁለት በልቶ ወደ ሌላው ማለፍ ነው ወጉ። በየጠባቡ መንገድ ስታልፉ ግድግዳውን እዩ፤ ነሐሴ 1983 ጎርፉ የደረሰበት ከፍታ ምልክት ተደርጎበታል። ለማየት ቀና ማለት ያስፈልጋል።