ከመገናኛ እስከ አራብሳ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር ወዳለው የኮንዶሚኒየም ሰፈር፣ ወደ አራብሳ፣ ለመሄድ ከመገናኛ ሁለት አማራጭ አለ። ወይ በታክሲ መግባት፣ ወይ እስከ አያት በባቡር ሄዶ ከዚያ መቀጠል። የወጣሁት ሰፈር ለማየት ስለሆነ ባቡሩን መረጥኩ። መቀመጫማ አይታሰብም። በሰው ብብት ሥር አንገቴን አስግጌ መስኮት አገኘሁ።

ቀላል ባቡሩ ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ መስመሮች ሲደመሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ለመንገደኛ ጥሩ ነው፤ ለሰፈር ግን አጥር ይዞ መጥቷል። ሐዲዱ በአብዛኛው የሚሄደው መሬት ለመሬት፣ በአስፋልቱ መሃል፣ ግራና ቀኝ ታጥሮ ነው። ከማዶ ያለው ዳቦ ቤት እየታየህ መሻገሪያ ፍለጋ ትሄዳለህ። ጎረምሳ ከሆንክ ትዘላለህ። ልጅ ያዘለች እናት ግን ዞራ ትምጣ ነው ነገሩ።

መገናኛ አካባቢ የኮሪደር ልማቱ ደርሷል። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መስመር ተሰምሯል፣ መብራቱም የጉድ ነው። አልዋሽም፣ በእግር ለመሄድ ደስ ይላል። ወደ ዳር እየወጣህ ስትሄድ ግን ያ ሁሉ ቀስ በቀስ ይሳሳል።

አያት ወረድኩ። “አራብሳ! አራብሳ! ሁለት ሰው ብቻ!” ገብቼ ስቆጥር የጎደለው አምስት ነው። ረዳቱን ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱ ደግሞ ሰማዩን አየ።

ኮንዶሚኒየም የተጀመረው አርከበ እቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ቦሌ ገርጂ ላይ ነበር። ገርጂ ዛሬ መሃል ከተማ ነው ማለት ይቻላል። መሃል ላይ መሬት ለማግኘት ግን ማፍረስና ካሳ መክፈል አለ፤ ስለዚህ ሳይቱ እየራቀ ሄደ። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ አራብሳ። ትናንት ጤፍ የሚታጨድበት መሬት ዛሬ ብሎክ ቁጥር ተለጥፎበታል።

ሕንፃዎቹን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። አብዛኛው ጂ ፕላስ ፎር ነው፤ ምድርና ከላዩ አራት ፎቅ፣ ሊፍት እንዳያስፈልግ። ደረጃው ክፍት ስለሆነ ዝናብ ሲዘንብ እርጥብ ነው። ውሃ በጠፋ ቀን ደግሞ ቢጫ ጀሪካን በዚያ ደረጃ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። በቤቶቹ ላይ ብዙ ተብሏል። እኔን የሳበኝ በቤቶቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው።

በሁለት ብሎኮች መሃል፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ የእድር ድንኳን ተተክሏል። ለቅሶ ነው። ጠጋ ብዬ ሳይ ካስማ የሚባል ነገር የለም። ኮብልስቶን ላይ ካስማ አይገባማ! አንዱ ገመድ የታሰረው በደረጃው ብረት ላይ ነው። ሁለተኛው በመብራት ምሰሶ ላይ። ሦስተኛው በአንድ የቆመ ፒካፕ ጎማ ዙሪያ ተጠምጥሟል። ባለ ፒካፑ ለቅሶው እስኪያበቃ የትም አይሄድም።

ፕላን ነዳፊዎቹ ስለ እኛ ኑሮ ጨርሰው አላሰቡም ማለት አይቻልም። በየግቢው ኮሙናል የሚባል ቤት ሠርተዋል፤ እንጀራ እንዲጋገርበት፣ በግ እንዲታረድበት። ለበጉ ከታሰበ ለለቅሶው ምን ከለከለ? መሬቱ ሲነጠፍ አራት የብረት ቀለበት መቅበር ስንት ብር ይፈጃል? ድንኳን የማይተከልበት ሰፈር እዚህ አገር የለም፤ በፕላኑ ላይ ግን ድንኳን አላየሁም።

ከድንኳኑ አለፍ ብሎ፣ ደረጃው ሥር፣ አንዲት እናት ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ በመደብ ደርድረዋል። ከፒያሳ ነው የመጡት፣ ሰፈሩ ሲነሳ። አንድ መደብ ሽንኩርት ገዛሁና ወሬ ጀመርን።

“እማማ፣ ፒያሳ አይናፍቅዎትም?”

“ምኑ ይናፍቃል ልጄ! ጣራው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ ወረፋ ነው። እዚህ እንኳ የራሴ ሽንት ቤት አለኝ፣ ተመስገን።” ሽንኩርቱን በፌስታል አሰሩልኝ። “የቸገረኝ በሩ ነው። እዚያ በሬ ላይ ቁጭ ብዬ እሸጥ ነበር። አራተኛ ፎቅ በሬ ላይ ብቀመጥ ማን ይገዛኛል?”

ስለ ከተማ ፕላን የሰማሁት ብዙ ስብሰባ ከዚህ አይበልጥም። የመሬት ቤት በር ሱቅም ነው፣ ቡና መጠጫም ነው፣ ልጅ መጠበቂያም ነው። ሰውን ወደ ላይ ስታወጣው ቤት ሰጥተኸዋል፤ በሩን ግን ወስደህበታል። ምድር ላይ ያሉት ሱቆች የተሸጡት በጨረታ ነው። ጨረታው የእማማን አቅም አይጠብቅም። ስለዚህ ደረጃ ሥር ይሸጣሉ። ደንብ የሚያስከብሩት ሲመጡ ደግሞ ሽንኩርቱን በሻሽ ቋጥረው ፎቅ ይወጣሉ።

በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ የጋራ የሆነውን ቦታ የቤት ባለቤቶቹ የጋራ ንብረት ያደርገዋል፤ የሚያስተዳድረውም ማኅበራቸው ነው። እንግዲያው ማኅበሩ ደረጃው ሥር ለጉልት የሚሆን መደብ ቢሠራ፣ አንድ ቆርቆሮ ጣል ቢያደርግበት፣ ማን ተጎዳ? ይህን ለእማማ ስነግራቸው ሳቁ። “የማኅበሩ ሰብሳቢ እኮ ሽንኩርት የሚገዙት ከእኔ ነው” አሉኝ።

መሄድ የምትፈልጉ እሁድ ጠዋት ሂዱ። ግቢው ሞልቶ የምታዩት ያን ጊዜ ነው። ከ11 ሰዓት በፊት ግን ለመመለስ ተሰለፉ፤ ከዚያ በኋላ “ሁለት ሰው ብቻ” የሚል ረዳት አታገኙም።