መንገዱ ክፍት ነው?

ጎሐ ጽዮን ላይ ሹፌሩ ሞተር አጥፍቶ ስልክ መደወል ጀመረ። «ደጀን እንዴት ነው? ሰላም ነው?» ሦስት ሰው ጠየቀ። ፊቱ ግን አልተፈታም። ረዳቱ «ግቡ ግቡ» ሲለን ገባን።

ድሮ የዓባይን በረሃ ስንወርድ ሰው ዝንጀሮ እያየ ይሳሳቅ ነበር። ዘንድሮ የሚሰማው የፍሬን ድምፅ ብቻ ነው። ፍተሻ ላይ ወረድን፣ መታወቂያ አሳየን፣ ተመልሰን ገባን።

አጠገቤ የተቀመጡት አባት የሉማሜ ገበሬ ናቸው። ወሬ ለመጀመር ያህል «ምርጫው እየደረሰ ነው፤ እናንተ ዘንድ ምን ይባላል አባቴ?» አልኳቸው።

«እኛማ መርጠን ጨርሰናል ልጄ። ማዳበሪያን መርጠናል።»

ከፊት ያለችው ሴት ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

እውነታቸውን ነው። ማዳበሪያ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው። ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዋጋው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 አለፈ። በዚያ ላይ ከ2015 ክረምት ወዲህ በመከላከያና በፋኖ መካከል ውጊያ አለ። መንገድ ሲዘጋ ጭነቱ ባለበት ይቆማል። ዝናቡ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ይበልጥ የገረመኝ የጤፉ ነገር ነው። መንገድ ሲዘጋ ነጋዴ አይመጣም። እሳቸው በወረደ ዋጋ ይሸጣሉ፣ ወይ ጎተራ ውስጥ ይተዉታል። እኔ አዲስ አበባ ያንኑ ጤፍ እየተማረርኩ እገዛለሁ። በአንድ ኩንታል ሁለታችንም ተቃጠልን! ማስታወሻዬ ላይ «የኑሮ ውድነት» እና «ጦርነት» ብዬ ለሁለት ከፍዬ ነበር። ሉማሜ ሳንደርስ በመሀላቸው ያለውን መስመር አጠፋሁት።

«በ1997 ገና ሳይነጋ ነው የተሰለፍነው» አሉኝ። «ያኔ ክርክራችን በመሬት ነበር። በ2013ም መርጫለሁ። አሁን ማታ ውሻ ሲጮህ፣ ማን መጣ ነው የምንባባለው።» ለማን ድምፅ እንደሚሰጡ አልነገሩኝም። አልጠየቅኳቸውምም። ሚኒባስ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

ደብረ ማርቆስ ስደርስ መሽቶ ነበር። ሆቴል ያዝኩ፣ ተኛሁ።

ጠዋት መንገድ ዳር ቡና ከምታፈላ ሴት ዘንድ ተቀመጥኩ። ከገጠር ቀበሌ የመጣች ናት። ልጇ አራተኛ ክፍል ላይ አቋርጣ ስኒ ታጥባለች። እዚያ የነበረው ትምህርት ቤት ከተዘጋ ቆየ። ስለ ምርጫው አነሳሁባት። ጀበናዋን አስቀምጣ ትንሽ አሰበች።

«ድምፅ የሚሰጠው ያው ትምህርት ቤቱ ግቢ ነው አይደል?»

«ሊሆን ይችላል።»

«እንግዲያው ወንድምዓለም፣ ለዚያች ቀን ከከፈቱት በማግስቱም እንዳይዘጉት ንገርልኝ።»