የድሮ የትንንሽ አውሮፕላን ኪት ካላችሁ መጀመሪያ ክንፉን ስስ አርጉት

ስለ ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል ሚያወራ ሰው ሞልቷል፣ ስፒትፋየር በሉት ሙስታንግ በሉት፣ የኔ ልብ ግን ያለው እነ ሴስና፣ እነ ፓይፐር ከብ፣ እነ ታይገር ሞዝ ጋር ነው። አንድ ሞተር፣ ሁለት ወይ አራት ወንበር፣ ቀጫጭን እግር፣ በቃ። ደሞ አዲስ የወጣውን ኪት (ክፍል በክፍል ተገጣጥሞ ሚሰራውን የፕላስቲክ ሞዴል) ሳይሆን ድሮ የወጣውን ነው ምወደው፣ እነ ኤርፊክስ ሚባሉት ሞዴል አምራቾች ከ1950ዎቹ ጀምሮ (አመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያወጧቸውን፣ ክፍላቸው ጥቂት፣ ፕላስቲካቸው ወፍራም፣ ውስጣቸው ባዶ የሆኑትን። ኤርፊክስ ራሱ ታይገር ሞዝን በ2014 እንደ አዲስ ሰርቶ አውጥቶታል፣ ጎበዝ ኪት ነው ምንም አይወጣለትም፣ ግን እኔ አሁንም የ50ዎቹን ሳገኝ ነው ደስ ሚለኝ፣ ምክንያቱም ስራው ለኔ ተትቶልኛል።

እና ዛሬ ምጽፈው ከብዙ ሞዴል ሰሪ ጋር ማልስማማበትን ነገር ነው። ሰው የድሮ ኪት ሲከፍት መጀመሪያ ሚያስበው ምን ልጨምርበት የሚለውን ነው፣ ቀበቶ፣ ሽቦ፣ የሬዲዮ ቁልፍ፣ ለብቻው የተገዛ የሬዚን ወንበር ምናምን። እኔ ደሞ መጀመሪያ ቀንሱለት ነው ምለው። ትንሽ አውሮፕላን እኮ ስስ ነገር ነው፣ የታይገር ሞዝ ክንፍ እንጨት ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነው፣ የከብ አካል የብረት ቱቦ ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነው፣ ሴስናም ብትሆን ስስ አሉሚኒየም ነች። ሞዴሉ ወፍራም ሆኖ ከቀረ ውስጡ ምንም ብትደረድሩበት አሻንጉሊት ነው ሚመስለው።

ሂሳቡን ስሩት። 1/72 ስኬል ላይ የሞዴሉ 1 ሚሊሜትር እውነተኛው ላይ 7.2 ሴንቲሜትር ነው። የድሮ ኪት ክንፍ ደሞ የኋላ ጠርዙ 1 ሚሊ ሆኖ መገኘቱ ብርቅ አይደለም፣ እንግዲህ ጨርቁ ከላይና ከታች መጥቶ ሚገናኝበት ስስ ጠርዝ 7 ሴንቲ ውፍረት አለው ማለት ነው። ታይገር ሞዝ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 8.94 ሜትር ነው፣ ሞዴሉ ላይ 12.4 ሴንቲ፣ እዛች ላይ ያቺ 1 ሚሊ ወዲያው ነው አይን ውስጥ ምትገባው። አይን ምን እንዳየ ባያውቅም ያያል።

አሰራሩ፦ ክንፉ የላይና የታች ሁለት ግማሽ ሆኖ ሚመጣ ከሆነ ሳይለጠፍ በፊት በውስጥ በኩል ነው ሚፋቀው፣ ከውጪ ከፋቃችሁት ቅርጹን ታጠፋላችሁ። የማያያዣ ፒኖቹን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ 240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በፕላስተር ለጥፉ፣ ግማሹን ክንፍ በውስጥ ፊቱ አስተኙትና ውሀ እየነካካችሁ ክብ ክብ እያረጋችሁ እሹት፣ ጣታችሁን አንድ ቦታ ላይ ብቻ አትጫኑ፣ በየጊዜው እያነሳችሁ ብርሀን ላይ እዩት፣ ጠርዙ ብርሀን ማሳለፍ ሲጀምር በቃው። ከዛ ሁለቱን ገጥማችሁ ከአካሉ ጋር ለኩ፣ ምክንያቱም ክንፉ ስሩ ጋም ስለቀጠነ ከአካሉ ጋር ሚገናኝበት ቦታ ላይ ክፍተት ይኖራል፣ እሱን ስቱኮ ከመጠቅጠቅ ስስ የፕላስቲክ ሉህ አስገብቶ መለጠፍ ይሻላል፣ ስቱኮ ሲደርቅ ይኮማተራል። ክንፉ አንድ ወጥ ከሆነ ደሞ በታች በኩል ብቻ ፋቁት፣ ላዩ ነው ሁሌም ሚታየው። የጭራውን ክፍሎችም እንደዚሁ። አሰልቺ ነው የሚል ሰው አለ፣ ለኔ ከጠቅላላ ስራው ምወደው ይሄን ነው፣ ከእጄ ስር አንድ ወፍራም ፕላስቲክ ቀስ በቀስ ክንፍ ሲሆን ይታወቀኛል።

ቀጥሎ መስታወት። ተዋጊ አውሮፕላን ላይ መስታወቱ ትንሽ ነው፣ ሴስና ላይ ግን ግማሽ አካሉ መስታወት ነው ማለት ይቻላል፣ የኪቱ መስታወት ደሞ ወፍራም ስለሆነ ውስጡን አጣሞ ነው ሚያሳየው። የጎን መስኮቶቹ ጠፍጣፋ ወይ ወደ ጠፍጣፋ የተጠጉ ስለሆኑ እነሱን በ0.2 ሚሊ ግልጽ ሉህ ቆርጦ መተካት ነው። የፊቱ ግን ጉብጥ ስላለ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የኪቱን መጠቀም፣ ጭረቱን ከ1000 አካባቢ ቁጥር ጀምራችሁ እያለሳለሳችሁ በውሀ ማሸት፣ ከዛ በመወልወያ ክሬም ወልውላችሁ ግልጽ አክሪሊክ ውስጥ መንከር፣ ሲደርቅ ጥርት ይላል። ሁለተኛው የኪቱን መስታወት ሞልታችሁና አጠንክራችሁ እንደ ፎርማ መጠቀም፣ ግልጽ ሉህ ፍሬም ላይ ወጥራችሁ በሙቀት እስኪለሰልስ ድረስ አሙቃችሁ ፎርማው ላይ ወደታች መጫን። ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ያኔ ውስጡ በትክክል ይታያል፣ አብረቅራቂነቱም ልክ ይሆናል። እና ከመስታወቱ አጠገብ ሱፐር ግሉ ሚባል ነገር እንዳይደርስ፣ ጭሱ መስታወቱን ነጭ ጉም ያረግበታል፣ ነጩን የእንጨት ሙጫ ተጠቀሙ።

ውስጡን ምንሰራው ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ፣ መስታወቱ ስስ ከሆነ በኋላ። ዳሽቦርዱን፣ ሁለቱን መሪ፣ የወንበሩን መደገፊያ ሰርታችሁ ቀበቶውን ከቀጭን የወረቀት ፕላስተር ብትቆርጡት ይበቃል። ጣራው ክንፍ የሆነ አውሮፕላን ላይ ወለሉ አካባቢ ያለው ነገር በጨለማ ይዋጣል፣ እዛ ላይ ሌሊት ማሳለፍ ትርፉ ድካም ነው። ፓይፐር ቼሮኪ ከሆነ የያዛችሁት ዋናው በር አንድ ብቻ ነው፣ በቀኝ በኩል፣ ኪታችሁ ግራም ላይ የበር መስመር ካሳየ ሙሉት።

አሁን ወደ ሴስና 172 ልምጣ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው የድሮ ኪት ምርመራ ሚፈልገው። አውሮፕላኑ መጀመሪያ የበረረው በ1955 ነው፣ እስካሁን ከ44,000 በላይ ተሰርቷል፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ስሙ አንድ ቢሆንም መልኩ ተለዋውጧል። የመጀመሪያዎቹ ጭራቸው ላይ ወደ ላይ የቆመው ክንፍ ቀጥ ያለ ነው፣ ከ1960 ሞዴል ጀምሮ ወደ ኋላ ያዘነበለ ሆነ። የኋላ መስኮት የመጣው በ1963 ሞዴል ነው፣ ከዛ በፊት የካቢኑ ጀርባ ድፍን ነበር። በ1968 ሞዴል ባለ 6 ሲሊንደሩ ኮንቲኔንታል ሞተር ወጥቶ ባለ 4 ሲሊንደር ላይካሚንግ ገባ። በ1971 ሞዴል ደሞ ጠፍጣፋው የእግር ብረት ቀርቶ ክብ ቱቦ ሆነ። ስለዚ ጭራው ያዘነበለ፣ የኋላ መስኮት የሌለው ኪት ካጋጠማችሁ ከ1960 እስከ 62 ያለ አውሮፕላን ነው፣ እሱ ላይ የ70ዎቹን ቱቦ እግርና የ70ዎቹን ቀለም ካረጋችሁበት የትም ያልበረረ አውሮፕላን ሰራችሁ ማለት ነው። አንድ የተወሰነ አውሮፕላን ምረጡ፣ የተነሳበት ቀን ሚታወቅ ፎቶ ፈልጉ፣ ከዛ ኪቱን ወደ እሱ አምጡት።

ሪቬቱን (ቆርቆሮውን ሚያያይዘውን ምስማር) በተመለከተ ሰው ሁሉ ፍቆ ነው ሚያጠፋው። ሴስና ላይ እኔ አላጠፋም። እውነተኛው አውሮፕላን ላይ ሪቬቱ ጉብ ብሎ በእጅ ሚዳሰስ ነው፣ ኪቱ የተሳሳተው መጠኑን ነው እንጂ ሀሳቡን አይደለም። 600 ቁጥር ወረቀት በስሱ አሳልፉበት፣ በቀለም ስር ብርሀን ሲያርፍበት ብቻ ሚታይ እስኪሆን። ከብና ታይገር ሞዝ ላይ ግን ክንፉ ጨርቅ ነው፣ ድሮ ፎርማ የሚሰሩት ሰዎች ጨርቁን በአጥንቶቹ መሀል የረገበ አርገው ነው ሚያወጡት፣ እውነተኛው ግን ዶፕ (ጨርቁን ሚወጥር ቅብ) ተቀብቶ እንደ ከበሮ የተወጠረ ነው። አጥንቱን ፍቁትና ፕራይመር ወፈር አርጋችሁ ነፍታችሁ መልሳችሁ እሹት፣ በቃ።

አፍንጫ ጎማ ያለው ከሆነ ኮፈኑ ውስጥ ክብደት አስገቡ፣ ያለዛ በጭራው ይቀመጣል። እርሳስ ከሆነ ምታስገቡት በነጩ የእንጨት ሙጫ እንዳትለጥፉት፣ ሁለቱ እየተብላሉ እርሳሱ ያብጥና ከአመታት በኋላ አካሉን ይሰነጥቀዋል። ኢፖክሲ ተጠቀሙ።

ቀለም። የግል አውሮፕላን ሚያብረቀርቅ ነው፣ ስለዚ እዚህ ላይ አቧራ ጠላት ነው፣ እንደ ተዋጊው በጭቃና በጥላሸት ሚሸፈን ነገር የለም። የከብን ቢጫ ግራጫ ፕራይመር ላይ ብትነፉት አረንጓዴ አረንጓዴ ይላችኋል፣ ነጭ ስር ያስፈልገዋል፣ ስስ ስስ እያረጋችሁ ደጋግሙት። የኪቱ ስቲከር (ውሀ ውስጥ ተነክሮ ሚለጠፈው) በእድሜ ብዛት ቢጫ ከሆነ አትጣሉት፣ መጀመሪያ ስካን አርጉት፣ ከዛ በላስቲክ አሽጋችሁ ፀሀይ ሚመታው መስኮት ላይ ለጥፉት፣ ፀሀዩ ቢጫውን ቀስ እያለ ያነጣዋል። ውሀ ውስጥ ሲገባ እንዳይበታተን ደሞ አስቀድማችሁ ላዩን ግልጽ ቫርኒሽ ቀቡት፣ ቫርኒሹ ሁሉንም አንድ ስለሚያረገው ግን ዙሪያውን በከተር መቁረጥ አለባችሁ።

የታይገር ሞዝ ክንፎች መሀል የተወጠረው ሽቦ በ0.1 ሚሊ ክር እንኳ ቢሰራ እውነተኛው ላይ 7 ሚሊ ነው ሚሆነው፣ ከዛ በላይ ወፍራም አትጠቀሙ። ኪቱ ከመጣበት ፍሬም ላይ ቁራጭ ወስዳችሁ በሻማ አሙቃችሁ መሳብ፣ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይወጣል፣ ለክታችሁ ቆርጣችሁ በወረንጦ ማስገባት ነው።

መጨረሻ ላይ ሁሌ ማየው ፕሮፔለሩን ነው። እሱም መቅጠን አለበት፣ ግን ከዛ በፊት ጠመዝማዛው ወደየት እንደሆነ እዩ። የከብና የሴስና ሞተር ፓይለቱ ጋ ሆናችሁ ስታዩት ወደ ሰዓት አቅጣጫ ነው ሚዞረው፣ የታይገር ሞዝ ጂፕሲ ሜጀር ግን በተቃራኒው ነው። የአንዱን ፕሮፔለር ለሌላው ካረጋችሁ አውሮፕላኑ ወደ ኋላ ነው ሚጎተተው። ከተሳሳተ የፕሮፔለሩን የየክንፉን ስር ቆርጣችሁ በትክክለኛው አቅጣጫ አዙራችሁ መልሳችሁ ለጥፉት፣ ስሩ በአፍንጫው ቆብ ስለሚሸፈን ምንም አይታይም፣ ቆብ የሌለው ከሆነ ደሞ በትንሽ ስቱኮና በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል።