ለዘጠኙም ጥያቄ «እግዚአብሔር ይመስገን»

ባለፈው ሰሞን አዲስ አበባ ያሉ አብሮ አደጎቼ ደውለው «ሰውን ሶፋ ላይ አጋድመህ ነው የምታክመው? መድኃኒትስ ታዛለህ?» እያሉ አሳቁኝ። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፤ ሶፋም የለኝም። እኔ የሳይኮሎጂ (የሥነ ልቦና) የዶክትሬት ተማሪ ሆኜ የምለማመደው ዋሽንግተን አጠገብ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ሐኪሙ የስኳር ወይም የደም ግፊት ታማሚውን ሲያይ ጭንቀት ከጠረጠረ፣ ቀጠሮ ሳያስፈልግ እዚያው ምርመራ ክፍል ጠርቶ ያስተዋውቀኛል፤ እኔም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አነጋግሬ ያገኘሁትን ኮሪደር ላይ በሦስት ዐረፍተ ነገር እነግረዋለሁ።

በመጀመሪያው ወር አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ራሴን አመመኝ ብለው ለአራተኛ ጊዜ መጡ። ሐኪሙ የቋንቋቸው ተናጋሪ በመገኘቱ ደስ ብሎት ጠራኝ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ፒኤችኪው-9 የተባለውን የድባቴ መጠይቅ ማንበብ ጀመርኩ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስታ ርቆዎታል? «እግዚአብሔር ይመስገን።» እንቅልፍስ? «ተመስገን።» ለዘጠኙም ጥያቄ መልሳቸው ይኸው ስለነበር ከ27 ነጥብ 0 ጽፌ ወጣሁና «ደኅና ናቸው» አልኩት። አንድም የአማርኛ ቃል የማያውቀው ሐኪም ነርሷ ፊት «ሻርፓቸውን ጣታቸው ላይ ሲጠመጥሙና ሲፈቱ አላየህም?» አለኝ። ሻርፕ ያለው ነጠላቸውን ነው። እኔ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ ስለነበር አላየሁም።

«ተመስገን» ሰላምታ እንጂ መልስ አለመሆኑን ከእኔ የተሻለ ማን ሊያውቅ ነበር? ተመልሼ ወረቀቱን አስቀመጥኩና «እናቴ፣ አገር ቤት ማን አለዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሆድ ብሶኛል ልጄ» ብለው ጀመሩ። እኛ ዘንድ የሚያለቅስ ሰው ይብቃህ አይባልም፤ ነርሷ ግን ክፍሉን ለሌላ ታማሚ ስለፈለገችው ሁለት ጊዜ አንኳኳች።

ለዚህ ትምህርት ለመምጣት የምታስቡ ሁሉ፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች ሳይኮሎጂስት ለመባል ዶክትሬት እንደሚያስፈልግ አስቀድማችሁ እወቁ፤ በተማሪ ቪዛ ከመጣችሁም ለልምምዱ የሚያስፈልገውን ፈቃድ በትምህርት ቤታችሁ በኩል ሳትይዙ አንድም ቀን አትጀምሩ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ጨዋነቴ ነው። ጠዋት ቡድኑ ተሰብስቦ በዕለቱ ታማሚዎች ላይ ሲነጋገር፣ ታላቅ ሲናገር ዝም ይባላል ብላችሁ ከነርሷ ጀርባ ከቆማችሁ፣ በግምገማ ወረቀታችሁ ላይ እንደ እኔ «ዕውቀት ያንሰዋል» ተብሎ ይጻፍላችኋል።