በግራ በኩል የተፈረመው ወረቀት

ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ኦርጅናልን ከፎርጅድ መለየትን ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረውም። ታይዋን በምንለው ገበያ ልጆች ሆነን ስንመላለስ የሰዓቱን ክብደት በመዳፋችን እየመዘንን፣ የጫማውን ሶል እያጠፍን፣ የሬዲዮውን ጽሑፍ በጥፍራችን እየፋቅን፣ "ይሄ ኮፒ ነው" ብለን ነጋዴውን እያስቆጣን ነው ያደግነው። በአንድ አነስተኛ የአየር ትራንስፖርት ድርጅት የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኜ ስቀጠርም ይህንኑ ዓይኔን ይዤ ገባሁ፤ ለአሥራ አንድ ዓመታትም ዓይኔ አሳፍሮኝ አያውቅም ብዬ አምን ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ ያሳፈረኝ ጊዜ ኖሮ የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ ይሆናል እላለሁ።

ነገሩ የሆነው በግንቦት ወር ነው። የድሬዳዋን ግንቦት የማያውቅ ሰው፣ ከቀትር በኋላ ከሃንጋሩ ደጅ የቆመ ብረት በባዶ እጅ አይነካም ብንለው ያጋነንን ይመስለዋል። ወደ ጎዴ፣ ቀብሪደሃርና ዋርዴር ከምናበርራቸው ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች አንዱ ጧት ሊነሳ ሲል ሞተሩ አልሽከረከር አለ። ቴክኒሺያኖቹ ባትሪውንና ሽቦዎቹን ፈትሸው ጥፋቱ ከስታርተር ጄኔሬተሩ መሆኑን አረጋገጡ። ይህ ዕቃ ሁለት ሥራ ያለው ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ ከባትሪ ኃይል ወስዶ ያሽከረክረዋል፣ ሞተሩ በራሱ መሄድ ሲጀምር ደግሞ በሞተሩ እየተሽከረከረ ለአውሮፕላኑ 28 ቮልት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በውስጡ እያለቁ የሚሄዱ ካርቦኖችና ኩሽኔታዎች ስላሉት በየጊዜው ፈርሶ ሙሉ ዕድሳት፣ እኛ ኦቨርሆል የምንለው፣ ሊደረግለት ይገባል። የእኛ ተጠባባቂ ደግሞ ለዚያው ዕድሳት ውጭ አገር ተልኮ ገና አልተመለሰም ነበር።

በሙያችን ቋንቋ አውሮፕላኑ "ኤኦጂ" ሆነ፤ በዕቃ እጦት መሬት ላይ ቀረ ማለት ነው። ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚናገርበት ድምፅ ይለወጣል። በዚያ ቀን ጭነቱ በበረዶ ሳጥን የታሸገ ክትባት ስለነበር ስልኩ አላርፍ አለ። ሥራ አስኪያጃችን በሥራ ዘመናቸው ብዙ ጭንቅ ያሳለፉ፣ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ግን ለዕቃው የተለመደው አቅራቢያችን አሥር ቀን ሲላቸው፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ደላላ "በእጄ አለ፣ ነገ ይደርሳል" አላቸው። ዋጋውም ከወትሮው በጥቂቱ ብቻ ያነሰ ነበር። በጣም ረክሶ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም እንጠረጥር ነበር፤ አጭበርባሪውም ይህን ሳያውቅ አይቀርም።

በማግስቱ ሳጥኑ በመንገደኛ ሻንጣ ታጅቦ በአባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰና ተረከብኩት። ከፍቼ አየሁት። ቀለሙ የጠራ፣ የኤሌክትሪክ ማያያዣዎቹ በፕላስቲክ ክዳን የተሸፈኑ፣ መሽከርከሪያ ዘንጉ ቅባት የተቀባና በወረቀት የተጠቀለለ፣ መለያ ሰሌዳውም የሚነበብ ነበር። የፓርት ቁጥሩን ከጥገና መጽሐፉ፣ ሲሪያል ቁጥሩን አብሮ ከመጣው የመልቀቂያ ሰርተፊኬት ጋር አመሳከርኩ፤ ገጠሙ። ይህ ሰርተፊኬት የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍኤኤ 8130-3 የሚለው ቅጽ ሲሆን፣ በአውሮፓ ፎርም 1 የሚባለው ቅጽ አቻው ነው። ያለ እንዲህ ያለ ወረቀት የመጣ ዕቃ የቱንም ያህል ቢያምር ለእኛ ቁርጥራጭ ብረት ነው። ወረቀቱ ግን አለ፤ ማኅተሙም ፊርማውም አለ። በመረከቢያ ቅጹ ላይ ፈረምኩና ቢጫውን ታግ አሰርኩ፤ በእኛ ግምጃ ቤት ቢጫ ታግ ለአገልግሎት ብቁ ማለት ነው። ከእጄ የወጣው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ነበር።

የጥራት ተቆጣጣሪያችን ከእኔ በሃያ ዓመት የምታንስ ልጅ ናት። ከእኛ ጋር ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ቴክኒሺያኖቹ ዕቃውን ሊወስዱ ሲሉ ሰነዱን ለፋይል ለመገልበጥ ብቻ መጥታ ወረቀቱን እንደያዘች ቆመች።

"ጋሼ፣ ይህ ዕቃ አዲስ ነው ወይስ የታደሰ?"

"የታደሰ ነው እንጂ፣ ተጽፎ የለም እንዴ?" አልኳት።

"ተጽፏል። ታዲያ ለምን በግራ በኩል ተፈረመ?"

ጥያቄው ቶሎ አልገባኝም፤ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው። ቅጹ በቁጥር የተከፋፈሉ ሳጥኖች አሉት። 11ኛው ሳጥን የዕቃውን ሁኔታ ይናገራል፤ አዲስ፣ የተጠገነ፣ የታደሰ እያለ። ከታች ያለው የፊርማ ቦታ ደግሞ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በግራ በኩል ያሉት በ13 የሚጀምሩት ሳጥኖች አምራቹ አዲስ ዕቃ ሲያወጣ የሚፈርምባቸው ሲሆኑ፣ በቀኝ በኩል ያሉት በ14 የሚጀምሩት የጥገና ድርጅት ዕቃውን ወደ አገልግሎት ሲመልስ የሚፈርምባቸው ናቸው። የታደሰ ተብሎ በአምራች ቦታ የተፈረመ ወረቀት፣ ሟቹ ራሱ የፈረመበት የሞት የምስክር ወረቀት ነው እንደማለት ይሆናል። በየቀኑ ይህን ሥራ የሚሠራ የዕድሳት ድርጅት በዚህ አይሳሳትም። ከሌላ ሰነድ የገለበጠ ሰው ግን ይሳሳታል። እኔ ቁጥሮቹን አመሳከርኩ እንጂ ወረቀቱን አላነበብኩትም ነበር።

ዕቃውን እንደገና ጠረጴዛ ላይ አውጥተን በባትሪ መብራት አየነው። ሁለተኛው አያያችን ከመጀመሪያው በእጅጉ የተለየ ነበር፤ ጥርጣሬ ሲኖር ብረትም ይናገራል። መለያ ሰሌዳውን ከያዙት ሪቬቶች የሁለቱ ራስ ተጭሯል፤ በአንዱ ጥግ ላይ ቀለሙ ሰሌዳው ሥር ገብቷል፣ ማለትም ሰሌዳው የተለጠፈው ከቀለሙ በኋላ ነው። ልጅቷ በማቀዝቀዣው አየር ማስገቢያ በኩል ጨርቅ በቀጭን እንጨት ጠቅልላ አስገብታ ስታወጣው ጥቁር ሆኖ ወጣ። የካርቦን ትቢያ ነው። ከሦስት ወር በፊት ተፈትቶና ታጥቦ በአዲስ ካርቦን ተገጠመ የተባለ ዕቃ፣ ሞተር ላይ ሳይወጣ ይህን ያህል ትቢያ ከየት ያመጣል? ከላይ ታጥቦ ቀለም የተቀባ አሮጌ ዕቃ መሆኑን ያኔ ማንም ሳይነግረን ገባን።

ዋናው ቴክኒሺያን፣ በዚህ ሥራ የሸበተ ሰው፣ "አቦ፣ ቢያንስ እንሞክረው፤ ካስነሳ አስነሳ" አለ። አልፈርድበትም። ዕቃው ሳይሠራ አይቀርም ነበር፤ ምናልባትም ለሳምንታት። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ በአየር ላይ መቼ እንደሚከዳ የሚነግረን ሰው የለም።

ለማረጋገጥ የተከተልነው መንገድ ቀላል ቢሆንም አንድ ጥንቃቄ ነበረበት። ልጅቷ በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ስልክ አልደወለችም። ሐሰተኛ ሰነድ የሠራ ሰው የራሱን ስልክ ሊጽፍበት ይችላልና የድርጅቱን አድራሻ ከሌላ፣ ከራሱ ከድርጅቱ ይፋ ምንጭ ፈልጋ፣ የሰርተፊኬቱን ቅጂ አያይዛ ጻፈችላቸው። መልሱ በማግስቱ መጣ። በ3ኛው ሳጥን ያለው የመከታተያ ቁጥር የእነርሱ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ቁጥር ያወጡት ሰነድ ለአንድ የነዳጅ ፓምፕ ነው። የፈረመው ሰው ስም የእነርሱ ሠራተኛ ስም ነው፤ ፊርማው ግን የእሱ አይደለም።

በዚህ ሙያ "ሐሰተኛ" እና "ያልተፈቀደ" የሚሉት ቃላት አንድ አይደሉም፤ ብዙ ባልደረቦቼ ሲያደባልቋቸው እሰማለሁ። ሐሰተኛ የሚባለው ለማታለል ተብሎ የተመሰለ ነው። ያልተፈቀደ ግን ሰፊ ነው፤ እውነተኛው አምራች የሠራው ዕቃ እንኳ የተፈቀደለት ድርጅት ሳያድሰው ወይም ታሪኩ በሰነድ ሳይያዝ ከቀረ ያልተፈቀደ ይሆናል። የእኛው ስታርተር ጄኔሬተር አካሉ ከእውነተኛው ፋብሪካ የወጣ ነበር፤ ውሸቱ ያለው በወረቀቱና በቀለሙ ላይ ነው። ዓይኔን ያሸነፈውም በዚህ ነው፤ ታይዋን ያሠለጠነው ዓይን የሚያውቀው ተመሳስሎ የተሠራን እንጂ እውነተኛ ሆኖ የሐሰት ታሪክ የለበሰን አይደለም።

ትንሽ ዕቃ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያደርስ የሚያሳይ አንድ አደጋ በሥልጠና ላይ ይነገረን ነበር፤ እኔም የፈተና መልስ አድርጌ ብቻ ነበር የያዝኩት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1989 ከኦስሎ ወደ ሃምቡርግ ይበር የነበረ የፓርትኔር ኩባንያ ኮንቬር 580 አውሮፕላን ዴንማርክ አጠገብ ባሕር ውስጥ ወድቆ የተሳፈሩት 55 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ምርመራው ቋሚውን የጅራት ክንፍ ከአውሮፕላኑ ገላ ጋር ከሚያያይዙት ብሎኖችና ካስማዎች መካከል የሚፈለገውን ጥንካሬ የማያሟሉ ሐሰተኞች አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ለንደን ላይ የተቋቋመ ኤኦጂ ቴክኒክስ የተባለ አቅራቢ በብዙ ቦይንግ 737 እና ኤርባስ ኤ320 አውሮፕላኖች ላይ ላለው ሲኤፍኤም56 ሞተር የሚሆኑ ዕቃዎችን በሐሰተኛ ሰነድ መሸጡ ይፋ ወጣ። የስሙ መነሻ ያው የእኛ የጭንቅ ቃል መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ነገሩን ያጋለጠው የፖርቱጋል አየር መንገድ የጥገና ክፍል ስለ አንድ አነስተኛ ዕቃ ሰነድ ተጠራጥሮ አምራቹን መጠየቁ ነው። ልጅቷ ያደረገችውም ይኸንኑ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ክርክር ነበር። ደላላው ነገሩን እንደሰማ አልተከራከረም፤ "እኔም ተታልዬ ነው፣ ዕቃውን መልሱልኝና ገንዘባችሁን ዛሬውኑ ልመልስ" አለ። ሥራ አስኪያጁ ወዲያው ሊቀበሉት ፈለጉ። የድርጅቱ ገንዘብ ነው፣ ስማችንም በከንቱ አይነሣም፣ ነገሩም እዚህ ያበቃል አሉ። ልጅቷ በአክብሮት፣ ግን ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ "ጌታዬ፣ ከመለስንለት ለማን ይሸጠዋል?" አለቻቸው። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከእኛ ሌላ እንዲህ ያሉ አውሮፕላኖች ያሏቸው ድርጅቶች ሁላችንም የምናውቃቸው፣ በአንድ አውሮፕላን ማረፊያ አብረውን ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ናቸው። እኔ በዚያ ስብሰባ ላይ ዝም ብዬ ነበር፤ ፊርማዬ ያለበትን ቅጽ እያሰብኩ።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ተስማሙ። ቢጫው ታግ ወልቆ ቀይ ታሰረበት፤ ዕቃው ከነሳጥኑ፣ ከነመጠቅለያ ወረቀቱና ከነሰነዱ በቁልፍ የሚዘጋ የሽቦ ማቆያ ውስጥ ገባ፤ ምንም ነገር እንዳይፈታ፣ እንዳይጸዳም ተባለ። ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በጽሑፍ ሪፖርት ተደረገ፤ ሰነዱ ያለፈቃድ በስሙ ለወጣበት የዕድሳት ድርጅትም እንዲሁ። ክትባቱ በመኪና ሄደ። አውሮፕላኑ ተጨማሪ አምስት ቀናት ቆሞ ሰነዱ ንጹሕ የሆነ ዕቃ ሲመጣ ተነሳ። ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ የከፊሉ ጉዳይ እስካሁን በእንጥልጥል ነው።

ያ ዕቃ ከየት መጣ የሚለውን ሳሰላስል ግን ወደ ራሳችን ጓሮ መመልከት ግድ ሆነብኝ። ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ዕቃዎቻችንን ምን እናደርጋቸው ነበር? ከሃንጋሩ ጀርባ እንከምራቸውና ቁራሌው ሲመጣ በኪሎ እንሸጥለት ነበር፤ ከነመለያ ሰሌዳቸው፣ ከነሲሪያል ቁጥራቸው። በዚህ መንገድ የሸጥናቸው ታጥበው፣ ቀለም ተቀብተውና ወረቀት ተሠርቶላቸው የት እንደደረሱ ማንም አያውቅም፤ አንዱ ዞሮ ለእኛው ቢቀርብልን እንኳ አልገረምም። አሁን ማንኛውም የተጣለ ዕቃ ሰሌዳው ተነሥቶ፣ ዘንጉ ወይም ማያያዣው በመቁረጫ ለሁለት ተከፍሎ፣ ዳግመኛ መጠገን እንዳይችል ሆኖ ነው የሚወጣው። ቁራሌው ለምን እንደምንቆርጠው አይገባውም፤ ዋጋው በኪሎ ስለሆነ ግን ቅር አይለውም።

በግዢም በኩል በተገመገሙ አቅራቢዎች ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ሰው አንገዛም፤ በተለይም በኤኦጂ ጊዜ፣ ምክንያቱም የምንሳሳተው ያኔ ነው። ከማናውቀው ምንጭ የመጣ ሰርተፊኬት ደግሞ ያወጣው ድርጅት "የእኔ ነው" ሳይል ቢጫ ታግ አይታሰርም። ይህን ደንብ የጻፈችው ልጅቷ ናት፤ እኔ የፊደል ስሕተት ብቻ አረምኩላት።

የመረከቢያ ቅጹ አልተቀደደም፤ ደንቡም አይፈቅድም። ፊርማዬ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዞ፣ ከጎኑ ቀኑና የስሜ ምልክት ተጽፎ በፋይሉ ውስጥ አለ። ለግምጃ ቤቱ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ከዕቃዎቹ በፊት ይህን ገጽ አሳየዋለሁ። ባለፈው የመጣው ወጣት ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ ካየው በኋላ፣ "ጋሼ፣ ይህን የፈረመው ሰውዬ አሁንም እዚህ ይሠራል?" ብሎ ጠየቀኝ።