ሽማግሌ ሳልልክ ቤታቸው ስገባ

በወጋችን የልጅቷን ቤት ደጃፍ መጀመሪያ የሚረግጡት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሙሽራው የሚታየው ኋላ ነው። የእጮኛዬ እናት ግን «ልጁን በዓይኔ ሳላይ ሽማግሌ አልቀበልም» በማለታቸው በግንቦት ወር ድሬዳዋ ከዚራ ወደሚገኘው ቤታቸው ለምሳ ተጠራሁ። አባቷ ምንም አልተነገራቸውም። ለእሳቸው እኔ ለሥራ ወደ ከተማው ብቅ ያልኩ «የሥራ ባልደረባ» ነበርኩ።

እንዲህ ያለ የተውሶ ስም ይዞ የሚሄድ ሰው ስጦታውን ከስሙ ጋር ያመዛዝን። እናቴ «ባዶ እጅህን አትሄድም» ብላ አምስት ኪሎ የጎጃም ማር አሸክማኝ ነበር፤ ለምሳ የተጠራ ባልደረባ አምስት ኪሎ ማር ይዞ አይመጣም። አባትየው በሽርጥና በካናቴራ ሆነው በሩን ከፈቱ። ማሩን አዩ፤ ኮቴን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። «ግባ» ብቻ አሉኝ።

ኮቱን ማውለቅ ነውር መስሎኝ ከማራገቢያው ሥር ተቀመጥኩ። ላቤ በጆሮዬ ሥር እየወረደ ከሸሚዜ ኮሌታ ውስጥ ሲገባ አክስቷ በትኩረት ይከታተሉ ነበር። ስለ ደመወዜ፣ ስለ ትውልድ ቦታዬ፣ ስለ ቤት ኪራይ ያጠናኋቸው መልሶች ሁሉ በአፌ ላይ ተደርድረዋል። የሚጠይቀኝ ግን ጠፋ።

በመጨረሻ አባቷ፣ ጋሼ፣ «በምን መጣህ?» አሉ።

«በባቡር።»

«በየትኛው ባቡር?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ጋሼ ጡረታ የወጡት ከድሮው ባቡር ድርጅት ወርክሾፕ ነው፤ ባቡር ለእሳቸው አንድ ብቻ ነው። «ያ የአሁኑ ከከተማ ውጭ ጥሎህ ሄዷል» አሉ። «የእኛው ቢሆን እዚህ አፍንጫችን ሥር ያወርድህ ነበር።»

ከልጅነቴ ጀምሮ የሚገርመኝን ጠየቅኳቸው፦ ሐረርን ያህል ከተማ እያለ ሐዲዱ ለምን በዚህ አለፈ? ለማስደሰት ብዬ አልነበረም፤ ሽማግሌ ሰው ሽንገላን ከሩቅ ይለያል። «ሊወስዱትማ አስበው ነበር፤ ተራራው እምቢ አላቸው» አሉ። ሐዲዱ በሜዳው ዞረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ከተማዋ በጣቢያው ዙሪያ በቀለች። ከዚያ የእኔን ማንኪያና የራሳቸውን አንስተው ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙ። «ይህ የእኛው ነው፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር።» አንዱን ማንኪያ በጣታቸው ገፋ አደረጉት። «የአሁኑ 1435 ሚሊ ሜትር። የእኛ ፉርጎ ቢጫንበት መሐል ላይ ይወድቃል።» ማንኪያዎቹን እንደገና አቀራርበው ስለ ኩርባና ስለ ፍሬን ቀጠሉ።

«ማንኪያውን መልስለትና ልጁ ይብላበት!» አሉ እናትየው። ሩዙ ቀዝቅዟል። እኔ ግን ኮቴን መቼ እንዳወለቅሁት አላስታውስም።

ለእንዲህ ያለ ቀን የምትዘጋጁ፣ ስለ ራሳችሁ ከምታጠኑት ይልቅ የቤቱ አባወራ ዕድሜውን ምን ሲሠራ እንደኖረ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እጮኛዬ ስለ አባቷ የደም ግፊት እንኳ ነግራኝ ነበር፤ ስለ ባቡሩ ግን ትንፍሽ አላለችም። ለእሷ የየቀኑ ወሬ ስለሆነ የሚነገር አልመሰላትም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ጋሼ እስከ በር ሸኙኝ። «ለባልደረባ ማር ሲመጣ ዛሬ ገና አየሁ» አሉና ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። «ሽማግሌዎችህን በዚህ ወር እንዳትልካቸው፤ ሙቀቱ ይጥላቸዋል።»

በጥር ላክሁ። ጋሼ ሁሉን እያወቁ፣ ቀኑን ራሳቸው መርጠው ሳለ፣ ሽማግሌዎቹን ቁም ነገራቸውን እንደ አዲስ አስነግረው «ልጅቷንም ዘመድንም እንጠይቅ፤ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» ብለው ሰደዷቸው።